አባባን ማን ይዞ ይገባል

ጥር 9

ለወንድሜ ለቀጮ፣

እኔ ደህና ነኝ። አባባም ደህና ነው። ስለ ዓይኑ ደጋግመህ ስለጠየቅህ ልመልስልህ፦ አልተመለሰም፣ አይመለስምም። ሐኪሙ የዓይኑ ግፊት የቀረችውን ብርሃን ጨርሶ ወስዷታል አለ። አሁን ጠዋትና ማታን የሚለየው በጆሮው ነው። ከታች አውቶቡስ ማርሽ ሲቀይር ሰምቶ ሰዓቱን ይነግረኛል።

ሁለት ዓመት ስላልመጣህ ቅር ብሎት እንደሆነ ጠይቀኸኛል። አላለውም። አንተ ላይ ምን ቅር ብሎት ያውቃል? «ሥራ ይዞት ነው» ይላል። እኔ ከገበያ ግማሽ ሰዓት ከዘገየሁ ግን «የት ነበርሽ?» ነው።

ሰኞ ዕለት የመራጭነት ካርዱን ላወጣለት ወደ ምርጫ ጣቢያው ወስጄው ነበር። ጣቢያው ያው ትምህርት ቤታችን ነው፣ አራተኛ ክፍል የተማርንበት ክፍል። መዝጋቢዋ ማየት የማይችል መራጭ የሚያምነውን አንድ ሰው ይዞ ከመጋረጃው ኋላ መግባት እንደሚችል፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት የሚያደርግለትም ያ ሰው እንደሆነ አስረዳችው። እኔ ክንዱን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። አባባ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ልጄ ይመጣል። እሱ ይዞኝ ይገባል።»

መዝጋቢዋ እኔን አየችኝ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ አየሁ።

የማጥበው እኔ ነኝ። ጥፍሩን የምቆርጥለት እኔ ነኝ። ያንተን ደብዳቤ ሳይቀር የማነብለት እኔ ነኝ። ልጁ ግን አንተ ነህ።

ምርጫው መጋቢት 13 ነው። ትመጣለህ? አትመጣም ብዬ ስለማስብ ነው የምጠይቅህ።

እህትህ


ጥር 19

እትዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። እዚህ ካምፕ ኔትወርክ እንደሌለ ታውቂያለሽ፤ ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው ነዳጅ የሚያመጣው መኪና ነው፣ እሱም በሳምንት አንዴ። መቶ አርባ ሜትር ቆፍረን እስካሁን ከጭቃ በቀር የወጣ ነገር የለም። መሐንዲሱ በየቀኑ «ነገ ውሃ» ይላል። ማሽኑን የማንቀሳቅሰው እኔ ስለሆንኩ በየቀኑ የሚያፍረውም እኔ ነኝ።

እኔን ምረጠኝ ብዬ አባባን አልለመንኩም። ግን አንቺም ራስሽን እዪው። ደረትሽ ላይ የፓርቲሽን ምልክት ማንቆርቆሪያ ለጥፈሽ በር ለበር ትዞሪያለሽ። ሰውየው ደግሞ ሠላሳ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። በመሰላል ምልክት የሚወዳደረውም፣ በማንቆርቆሪያ ምልክት የሚወዳደረውም ጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ ጉዱን ዘርዝሮለታል። እሱ ማንን እንደሚመርጥ ግን እናታችን እንኳ ሳታውቅ ነው የሞተችው። አሁን ለአንዷ ፓርቲ ቀስቃሽ ይንገር?

ቀንተሻል፣ አትካጂ። እኔስ የማልቀና ይመስልሻል? አንቺ ድምፁን በየቀኑ ትሰሚያለሽ። እኔ የማውቀው አንቺ የጻፍሽልኝን አባባ ነው፤ «ደህና ነው» ከሚለው ሌላ የማይናገር አባባ።

ለእሱ የጻፍኩት ለብቻው ታጥፎ ውስጡ አለ። እንዳለ አንብቢለት። ፈቃድ ጠይቄያለሁ።

ወንድምሽ


ጥር 30

ቀጮ፣

ደብዳቤህን አነበብኩለት። ደስ አለው። ከዚያ ትራሱ ሥር ከተተው፣ ከሌሎቹ ጋር።

ቅስቀሳው እንዴት ነው ብትለኝ፣ እግሬ አልቋል። ባለፈው ምርጫ በጣቢያችን ከተመዘገበው አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ሰው ድምፅ የሰጠው አራት መቶ ሰባ ነበር። በወረዳው ካሉት ሃያ ስድስት ጣቢያዎች መጨረሻ ወጣን። የላይኛው ሰፈር መሰላል ነው፣ የታችኛው ሰፈር ማንቆርቆሪያ ነው፣ መሃል ያለነው ደግሞ እንተኛለን።

ጎማ የሚለጥፈው ጎረቤታችን ጋ ሄድኩ። «ማንቆርቆሪያን ብመርጥ ቧንቧችን ውሃ ይመጣለታል?» አለኝ። «ይመጣለታል» አልኩት። «እንግዲያው ውሃው ይቅደም፣ እኔ እከተላለሁ» ብሎ ጎማው ላይ አጎነበሰ። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ባሏ መሰላል ስለሆነ ከባሏ ጋር አንድ ሰልፍ ላይ መቆም እንደማትፈልግ፣ በዚያ ቀን ቤቷን ዘግታ እንደምትተኛ ነገረችኝ። «ታዲያ ለማንቆርቆሪያ ተሰለፊያ» አልኳት። «ሰልፉ እኮ አንድ ነው፣ የኔ እናት» አለችኝ። እውነቷን ነው።

እጩአችን፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ በሰው ፊት «የገዛ አባትሽን ሳታመጪ የሰው አባት ትለምኛለሽ?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን አደርጋለሁ።

አባባ ሐሳቡን የሚለውጥ ይመስለኛል። መምጣት ከከበደህ አትጨነቅ። ሐሙስ ሐሙስ ፀጉር አስተካካዩ እየመጣ ፂሙን ይላጨዋል፣ ያጫውተዋል። የጎደለበት ነገር የለም።

እህትህ


የካቲት 12

እትዬ፣

ዛሬ ከአባባ ደብዳቤ ደረሰኝ። ያንቺ ጽሑፍ አይደለም። ፀጉር አስተካካዩ ነው የጻፈው፣ በቀይ ስክሪብቶ። እንዲህ ይላል፦ «ልጄ፣ እህትህ ይዛኝ እንድትገባ የጻፍከው አንተ ነህን? አዎን ወይም አይደለም በል። ሌላ አትጨምር። አባትህ።» ከሥር ፀጉር አስተካካዩ በራሱ ፈቃድ «እኔም ሰላም ብያለሁ» ብሎ ጨምሮበታል።

እኔ የጻፍኩት ይሄ ነው፦ «አባባ፣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ እመጣለሁ። አብረን እንገባለን። የጠራኸው እኔን በመሆኑ እዚህ ሥራዬን እየሠራሁ ብቻዬን ስቄያለሁ።» አለቀ። ስለ አንቺ አንድ መስመር የለበትም። እንዲኖርበት ማድረግ ነበረብኝ ይሆናል፣ ግን የለበትም።

ምን አነበብሽለት?

መልሱን በፀጉር አስተካካዩ ስም ልኬለታለሁ። «አይደለም» ነው ያልኩት።

ወንድምሽ


የካቲት 20

ቀጮ፣

ያነበብኩለት ይሄ ነው፦ «አባባ፣ ሥራው የሚያስመጣኝ አይመስለኝም። እህቴ ይዛህ ትግባ። እንደ ራሴ አምናታለሁ።»

አነበብኩ ማለቴ ከራሴ ፈጠርኩት ማለቴ ነው። ወረቀትህን ፊቴ ዘርግቼ፣ አንተ ባቆምክበት እያቆምኩ። «እንደ ራሴ አምናታለሁ» የሚለው ለጉዳዩ አያስፈልግም ነበር። ሰው ስለ እኔ እንዲህ ሲል መስማት አማረኝ፣ በራሴም አፍ ቢሆን።

አባባ ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ። ከዚያ «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር አልገጠመም። አንዴ «አያስመጣኝም» አልኩ፣ አንዴ «የሚያስመጣኝ አይመስለኝም»። ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው ቃል ሲጽፍና መልሶ ሲያነብ ለኖረ ሰው ግን ነገሩ እዚያው አለቀ። ሐሙስን ጠብቆ ወረቀትህን ፀጉር አስተካካዩን አስነበበው፤ የእሱ ንባብ ከእኔ ጋር ስላልገጠመ ካንተው ሊያጣራ አስጻፈው።

«አይደለም» የምትለው መልስህ በደረሰች ቀን ፊቱ አስቀመጠኝ። አልጮኸም። «ሚስቱን ሊፈታ የመጣውም፣ መሬቱን የተቀማውም እየነገረኝ ስጽፍ አንድ ቃል ጨምሬ አላውቅም» አለ። «አንድ። ብጨምርላቸው የሚጠቅማቸውን እያወቅሁ አልጨመርኩም። ደብዳቤ ላይ እንዲህ ካደረግሽ የምርጫው ወረቀት ላይ ምን ልታደርጊ ነበር?»

ምልክቱን ማንቆርቆሪያው ላይ ልታደርጊ ነበር ማለቱ ነው። እውነቱን ንገሪኝ ካልከኝ፣ አላውቅም። ያኔ ስለ ማንቆርቆሪያ አላሰብኩም። ከመጋረጃው ኋላ አብሬው መቆም ነው የፈለግሁት።

አንተ ግን «አይደለም» ስትል እጅህ አልዘገየም። ደስ ብሎህ ነው የጻፍካት።

እህትህ


የካቲት 29

እትዬ፣

አዎ፣ ደስ ብሎኛል። ስለጠየቅሽኝ ነው።

አንቺ የምትረሽው ነገር አለ። ልጅ ሆነን አባባ ከፍርድ ቤት ሲመለስ የሚያዋራው አንቺን ነበር። «ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው መጣ» እያለ ስም ሳይጠራ ይነግርሽ ነበር። እኔ ስመጣ ዝም ይል ነበር። «ይሄ ገና ነው» ይላል። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝም ገና ነበርኩ። ለዚህ ነው «ልጄ ይዞኝ ይገባል» ያላትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ማንም እንዲነካብኝ ያልፈለግሁት።

አሁን ደግሞ በፀጉር አስተካካዩ እቀናለሁ። ለአባባ የሚያነብለት እሱ፣ የሚጽፍለት እሱ። ሰውየው ደግሞ አፉን መያዝ አይችልም። የነዳጅ መኪናው ሹፌር ያንቺን ፖስታ ሳይሰጠኝ በፊት «እህትህ ተያዘች አሉ» አለኝ። ፀጉሩን እሱ ጋ ነው የሚቆረጠው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሙሉውን ሰምቷል፣ ሁለቴ አንብበሽ እንዳልገጠመልሽ ሳይቀር።

ፈቃዱ ተሰጠኝ፣ ሦስት ቀን። ዋዜማውን እገባለሁ።

ወንድምሽ


መጋቢት 6

ቀጮ፣

ስለ ሹፌሩ የጻፍከውን ለአባባ አነበብኩለት። ቃል በቃል፣ እኔን የሚያዋርደውንም ሳልዘል። ሳይጠይቀኝ ሁለተኛ ደገምኩለት። ገጠመ።

አባባ «ሹፌሩ ነው ያለው?» አለ። «ሹፌሩ» አልኩት። ሐሙስ ፀጉር አስተካካዩ ውሃ አሙቆ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲመጣ፣ አባባ «ዛሬ አልላጭም» አለው። «ምነው ጋሼ፣ አሞዎት ነው?» «አላመመኝም።» ሰውየው ፎጣውን እንደተሸከመ ሄደ። ፂምህን እኔ ልላጭህ ብለው እንቢ አለኝ። ለምርጫው ሳይላጭ ሊሄድ ነው።

እንግዲህ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። አልጋህን አንጥፌያለሁ። አባባ በቀን ሦስት ጊዜ «ስንት ቀን ቀረው?» ይለኛል። ምርጫውን ይሁን አንተን አላውቅም።

ፓርቲው በዚያው ጣቢያ ታዛቢ አድርጎ መድቦኛል። ባጅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ነው የምውለው። እሱና አንተ ተያይዛችሁ ስትገቡ፣ ከመጋረጃው በታች አራት ጫማ አያለሁ። ካልመጣህ ግን በጣም ነው የማዝንብህ። ብትመጣም ብዙ አልደሰትም፤ አስቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው።

እህትህ


መጋቢት 13

እትዬ፣

ዛሬ እሁድ ነው፣ የምርጫው ቀን። የምጽፍልሽ ከካምፕ ነው።

ሐሙስ ወደ እናንተ ልሳፈር ስነሳ መቶ ሰማንያ ስድስት ሜትር ላይ መሰርሰሪያው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀረቀረ። መሐንዲሱ ሻንጣዬን ከመኪናው ላይ አስወረደው። «አንተ ከሄድክ ማን ያወጣዋል?» አለኝ። እውነት ነው፣ ሌላ የሚያወጣው የለም። ዓርብና ቅዳሜ ሞከርን። አሁንም እዚያው ነው።

ይህ ደብዳቤ የሚደርስሽ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ይቅርታውን ለእሱ ንገሪው፣ እንደፈለግሽ አድርገሽ። ብትጨምሪበትም ግድ የለኝም።

ማን ይዞት ገባ? ንገሪኝ። ወይስ ሳይመርጥ ቀረ?

ወንድምሽ


መጋቢት 20

ቀጮ፣

መርጧል። እኔ ነኝ ይዤው የገባሁት።

ጠዋት ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከረባቱን አስሮ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። ጣቢያው ሲከፈት መገኘት ስላለብኝ ለጎረቤት አደራ ብዬ ወጣሁ። በምሳ ሰዓት መጥቼ እንደተቀመጠ አገኘሁት። «አውቶቡስ ሊሆን ይችላል የዘገየው» አለኝ። «ሊሆን ይችላል» አልኩት። ተመልሼ ሄድኩ። ወንበሬ ላይ ሆኜ መዝገቡን አያለሁ፤ የእሱ ስም ፊት ያለው የፊርማ ቦታ ባዶ ነው። ክፍሉም ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። እስከ አሥር ሰዓት ከሦስት መቶ ሰማንያ ሰው አላለፈም።

ልክ አሥር ሰዓት ሲሆን ብቻውን መጣ። የትምህርት ቤቱን አጥር በመዳፉ እየዳሰሰ። መዳፉ ደምቷል፣ አጥሩ ቆርቆሮ ነው። ጥበቃው ደግፎ አስገባው።

የጣቢያው ኃላፊ «አጋዥዎ ማን ነው አባቴ?» አለችው። ፀጉር አስተካካዩ አሥር ሰው ከማይሞላው ሰልፍ መሃል «እኔ አለሁ ጋሼ!» ብሎ እጁን አወጣ።

«አንተ ቆይ» አለ አባባ። «ልጄ እዚህ ናት?»

«ታዛቢ ናት» አለች ኃላፊዋ። «ታዛቢ አጋዥ መሆን አይፈቀድላትም።»

«ታዛቢነቱን ትተወዋ።»

ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት፣ ዓይኑን እኔ ወደሌለሁበት አዙሮ፣ «አንቺ ትዋሻለሽ። ግን አታወሪም። እሱ አይዋሽም፣ ግን ያወራል። እኔ ደግሞ ዛሬ የሚያስፈልገኝ የማያወራ ነው። ትመጫለሽ?» አለ። ሰልፉ ሳቀ። ፀጉር አስተካካዩም ሳቀ።

ባጁን አውልቄ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩ። አጋዥ በሚለው ፈረምኩ። እጩአችን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም አይለኝም፤ ጣቢያውን ያለ ታዛቢ ጥዬበታለሁ።

መጋረጃው ኋላ በጆሮዬ ነገረኝ። አንዲት ቃል ናት። እጄ ትንሽ ቆየ። ኃላፊዋ «ጨርሳችኋል?» እስክትል ድረስ ቆየ። ከዚያ ያለኝ ላይ ምልክት አደረግሁ። አባባ የት ላይ አደረግሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቅም ማጣራት አይችልም፣ ይህንን ሁለታችንም እናውቃለን። ወረቀቱን አጣጥፌ ሰጠሁት፣ ሳጥኑ ውስጥ ራሱ ከተተው።

ያንተን ይቅርታ ቃል በቃል አነበብኩለት። «መሰርሰሪያው ወጣ?» ነው ያለው።

እህትህ


መጋቢት 29

እትዬ፣

መሰርሰሪያው ወጣ። ሁለት መቶ ሦስት ሜትር ላይ ውሃ አገኘን። ሰው ሁሉ እየጨፈረ ተረጫጨ። እኔ ኮንቴይነሩ ውስጥ ገብቼ ያንቺን ደብዳቤ አምስተኛ ጊዜ አነበብኩት።

ማንን መረጠ?

«እጄ ትንሽ ቆየ» ካልሽ ማንቆርቆሪያ አይደለም ማለት ነው። ማንቆርቆሪያ ቢሆን እጅሽ ይሮጥ ነበር። ግን ደግሞ አሰብኩት፣ ማንቆርቆሪያ ብሎሽ፣ ያልጠበቅሽው ሆኖብሽ፣ ደንግጠሽም ሊሆን ይችላል። ምንም አታረጋግጪልኝም፤ ቆየ ብቻ ነው የምትይው። ሆን ብለሽ ነው።

እዚህ ማንም የሚያውቀው የለም። ለሹፌሩ አልነግርም። የተጠራሁት እኔ ነበርኩ፤ መሰርሰሪያ ባይቀረቀር ዛሬ የማውቀው እኔ፣ የምትጠይቂው አንቺ ነበርሽ። ያ ቦታ የእኔ ነበር እትዬ። አንዲት ቃል ናት ካልሽ አንዲት ቃል ጻፊልኝ።

ለእሱም ጽፌለታለሁ፣ ውስጡ አለ። እሱንም ጠይቄዋለሁ። አንብቢለት፣ መልሱንም እንዳለ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 7

ቀጮ፣

እንኳን ውሃ አገኛችሁ።

ውጤቱን በሬዲዮ ሰምተሃል፣ ወረዳው መሰላልን መርጧል፣ ልዩነቱም ሰፊ ነው። የአባባ ወረቀት በየትኛውም በኩል ብትቆጠር የምትለውጠው ነገር አልነበረም። በጣቢያችን ግን ሰባት መቶ ሁለት ሰው ድምፅ ሰጠ፣ ከወረዳው ዘጠነኛ ወጣን። የቅስቀሳው ፍሬ ነው ብሎ ፓርቲው ሪፖርት ጽፏል። እኔ እውነቱን ልንገርህ። ፀጉር አስተካካዩ ከጣቢያው እንደወጣ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ አባባ ምን እንዳለኝ አወራ። ሰው እኛን ለማየት መጣ። ጎማ ለጣፊው መጣ፣ ልብስ ሰፊዋ እንኳ ከነባሏ መጣች። እኛ ግን ወጥተን ነበር። ከመጡ አይቀር ሰልፉ ውስጥ ገቡ። በአንድ ሰዓት ተኩል ከሦስት መቶ ሰው በላይ።

ለአባባ የጻፍከውን አነበብኩለት። ሁለት ገጽ ነው፣ ሁለቱንም። መሃል ላይ ስለ እኔ የጻፍከውንም አነበብኩ፣ ደስ ባይለኝም። መልሱ ይሄ ነው፣ እንዳለ፦ «ልጄ፣ እህትህን ጠይቅ። አባትህ።»

ሌላ አልጨመረም። እኔም አልጨመርኩም። ጨምራለች ብለህ ከጠረጠርክ መጥተህ ራሱን ጠይቀው።

ስለ አንዲቷ ቃል፦ አልነግርህም። አሁን በሦስት ደብዳቤ ብትለምነኝ፣ በአሥር ብትለምነኝ አልነግርህም። ለባልም፣ ለልጅም፣ እሱ ከሞተም በኋላ አልናገርም።

ግን ጠይቀኝ። መጠየቅህን አትተው።

እህትህ